ዘፀአት ወይስ ወረራ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዋርክራፍት 3» የተሰኘ የኮምፒውተር ጌም ለገበያ አቀረበ። ጌሙ ታሪኩን እንደ ልብ ወለድ በክፍል በክፍል እያደረገ ይተርካል። የመግቢያው ክፍል ርዕስ «የሆርድ ዘፀአት» ነው። ታሪኩ ወደ መሐል ሲገባ ደግሞ ሌላ ርዕስ ይመጣል፤ «የካሊምዶር ወረራ»።

ጉዞው ግን አንድ ጉዞ ነው። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፣ መሪውም ያው መሪ። ከተነሱበት ዳርቻ ለሚያየው ዘፀአት ነው፤ ከደረሱበት ዳርቻ ለሚያየው ወረራ።

«ጌም እኮ ነው፣ ምን አካበደው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ጌም ነው። ኦርክ የሚባል አረንጓዴ ፍጡር በዓለም ላይ የለም። ነገር ግን ሕዝቡን ከመከራ አውጥቶ ወደ አዲስ ምድር የሚመራ አለቃ ታሪክ የሰው ልጅ ከሚያውቃቸው ጥንታዊ ታሪኮች አንዱ ነው። የጌሙ ደራሲዎችም ለመግቢያቸው የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል የተዋሱት በአጋጣሚ አይመስልም። ያንኑ መንገድ ሁለት ስም ሲሰጡት ደግሞ ብዙ የታሪክ መጽሐፍ ሸፋፍኖ የሚያልፈውን ነገር ተናግረዋል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

*

የአለቃው ስም ትራል ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ባሪያ» ማለት ነው። እናትና አባቱ ተገድለው ገና ጨቅላ ሳለ አንድ የሰው ልጅ የጦር መኮንን አገኘው፤ ወስዶም በምሽጉ ውስጥ አሳደገው። ያሳደገው ግን ለልጅነት አልነበረም። ለተመልካች መዝናኛ የሚፋለም ታጋይ አድርጎ ሠራው፤ የኋላ ኋላም የኦርኮችን ጦር የሚመራለት መሣሪያ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ስሙንም «ባሪያ» አለው። ይህን የሕይወቱን ክፍል ክሪስቲ ጎልደን የተባለች ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2001 በልብ ወለድ መልክ ጽፋዋለች።

ትራል ከምሽጉ ሲያመልጥ ያገኘው ሕዝብ ከራሱ የባሰ ነበር። ኦርኮች በራሳቸው ዓለም ላይ ሳሉ መሪዎቻቸው የጋኔን ደም አጠጥተዋቸው፣ በደሙ ሰክረው፣ በአስማት በር ተሻግረው ወደ ሰዎች ምድር ዘምተው ነበር። ያቃጠሉትን አቃጥለው በመጨረሻ ተሸነፉ። ከሽንፈቱ በኋላ በካምፕ ታጎሩ። የደሙ ስካር ሲለቃቸው ጉልበታቸውም አብሮ ሄደ። በሩ ተከፍቶ ቢተው እንኳ ለመውጣት ፍላጎት የሌላቸው፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰዎች ሆኑ።

ትራል ካምፖቹን አንድ በአንድ ሰበረ። ለሕዝቡም ከጋኔን ደም በፊት የነበረውን የአባቶቻቸውን እምነት መለሰላቸው። የቀድሞው አለቃ ኦርግሪም ዱምሃመር ካምፕ ሲያስፈታ ሲሞት መዶሻውንና ሥልጣኑን ለትራል ተወለት። የሚገርመው ግን ትራል የጦር አለቃ ሆኖም ስሙን አልቀየረም። ወላጆቹ ጎኤል የሚል ስም ቢያወጡለትም ለብዙ ዓመታት «ባሪያ» ተብሎ ተጠራ። ስሙን ይዞ መቆየቱ ከየት እንደመጣ ላለመርሳት ይመስላል። የሚገዛ ሰው ተገዝቶ ያደረበትን ቀን ማስታወሱ ትልቅ ነገር ነው።

*

ከዚያ ነቢዩ መጣ። ቁራ እየሆነ የሚበር፣ መቼም በቀላሉ የማይታመን ሽማግሌ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ጥፋት እየመጣ ነው፣ ሕዝብህን ይዘህ ባሕሩን ተሻገርና ወደ ምዕራብ ወደ ካሊምዶር ሂድ።

ይህን መልእክት የሰማው ትራል ብቻ አይደለም። ነቢዩ ለሎርዴሮን ንጉሥም ነግሮ ነበር፤ ንጉሡ አልሰማም። ለልዑሉ ለአርታስም ነግሮ ነበር፤ እሱም አልሰማም። የሎርዴሮን መንግሥት በመቅሠፍት አልቆ ንጉሡ በገዛ ልጁ እጅ ተገደለ። ከሰዎች መሪዎች መካከል ሰምታ የተሻገረችው ጄይና ፕራውድሙር የምትባል ወጣት ብቻ ነበረች። እሷም የተረፉትን ሰብስባ በመርከብ ወደዚያው ምድር አቀናች።

ልብ በሉ፤ ንጉሡ ያልሰማው የሚያጣው ነገር ስለነበረው ነው። ዙፋን፣ ግንብ፣ የአባት አገር። ባሪያው ግን የሚያጣው ካምፕ ብቻ ነበር። «ውጣ» ሲሉት ለመውጣት የቀለለው ለዚህ ነው። ሕዝብ አስከትሎ መነሳት ትልቅ ድፍረት ተደርጎ ይወራል፤ ለተቸገረ ሕዝብ ግን መነሳቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከደረሱ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ነቢዩ ሜዲቭ ነበር፤ ኦርኮች መጀመሪያ ወደ ሰዎች ምድር የገቡበትን የጨለማ በር የከፈተው እሱ ራሱ። ያኔ በወረራ ያስገባቸው እጅ አሁን «ውጡ» እያለ መንገድ ያሳያል። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች «በሰላም ግቡ» እና «ውረሩ» ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚኖሩ ገና በመግቢያው ይጠረጥራል።

*

መርከቦቹም የራሳቸው አልነበሩም፤ ከሰዎች የነጠቋቸው ናቸው። በመንገድ ማዕበል ተነሳ፣ ወደ አንድ ደሴትም ጣላቸው። በደሴቱ ዳርክስፒር የሚባል ትንሽ ጎሳ ይኖራል፤ ሽማግሌ አለቃው ሴንጂን ይባላሉ። ሴንጂን ከትራል ጋር በባሕር ፍጡራን ተማርከው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ግን ሕዝባቸውን ከደሴቱ አውጥቶ እንዲወስድላቸው ለዚህ ለማያውቁት እንግዳ አደራ ሰጡት።

ትራል አደራውን በላ? አልበላም። ደሴቱ እየሰመጠ፣ የራሱ ሰዎች መርከብ ለመጠገን እየተሯሯጡ ሳለ የዳርክስፒርን ሰዎች ጭኖ ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆርድ የኦርኮች ብቻ መሆኑ ቀረ።

ካሊምዶር ሲደርሱ መርከቦቹ ተበታትነው ነበር። ትራል ከጥቂት ሰዎቹ ጋር በማያውቀው የባሕር ዳርቻ ወረደ። በዚህ ምድር መጀመሪያ ያያቸው ሰዎች ቶረን የሚባሉ፣ የበሬ ራስና ቀንድ ያላቸው ግዙፍ ዘላኖች ናቸው። ሴንቶር የሚባሉ ግማሽ ፈረስ ወራሪዎች ውኃቸውንና ግጦሻቸውን እያሳጧቸው መኖሪያ ነስተዋቸዋል። አለቃቸው ኬርን ብላድሁፍ የሚባሉ አዛውንት ናቸው።

ትራል ያደረገውን እዩት። «ይህን መሬት ነቢይ ሰጥቶኛል» አላላቸውም። መጀመሪያ ከጎናቸው ቆሞ ተዋጋ። ከዚያ ጭነታቸውን በከብት ጭነው ሙልጎር ወደሚባለው አረንጓዴ ሜዳ ሲጓዙ አጅቦ አደረሳቸው። በዚህ የጌሙ ምዕራፍ ተጫዋቹ የሚሸለመው መሬት በመያዝ ሳይሆን የሌላውን ሕዝብ ጓዝ በሰላም በማድረስ ነው። ኬርንም በምላሹ ወደ ጠቢቡ የሚያደርሰውን መንገድ ጠቆሙት። የሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት የተጀመረው እንዲህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ዘፀአት ነው። የመጣው ሰው እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ባለቤቱንም ያያል።

*

ወረራው የሚጀምረው በሌላ ሰው በኩል ነው። ግሮም ሄልስክሪም የትራል የቅርብ ወዳጁ፣ ታላቅ ወንድሙ የሚባል ዓይነት ሰው ነው፤ ጀግናና ቁጡ። ትራል ከሰዎች ጋር እንዳይጋጭ ቢያዘውም ግሮም አልታገሠም፤ ሄዶ ተዋጋ። ትራል ተናደደ። ቅጣትም ጣለበት፤ ወደ ሰሜን ወደ አሸንቬል ደን ሂድ፣ እንጨት ቁረጥ፣ የመጀመሪያውን ሰፈራችንን ሥራ አለው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙ የክፋት አልነበረም። ሕዝቡ ቤት ያስፈልገዋል፤ ቤት ደግሞ እንጨት ይፈልጋል። አጥፊውን ወዳጅ ከግጭት አርቆ በሥራ መቅጣትም ብልህነት ይመስላል። ግን ትራል አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀረ፤ ይህ ደን የማን ነው?

ደኑ የሌሊት ኤልፎች የሚባሉ ሕዝቦች ነው። ለሺህ ዓመታት የጠበቁት፣ ዛፉንም መንፈሱንም እንደ ቅዱስ የሚያዩት ቤታቸው ነው። አምላክ አከል ጠባቂም አለው፤ ሴናሪየስ ይባላል። ግሮም መጥረቢያውን ማንሳት ሲጀምር ቀስት ዘነበበት።

የእኛ ተረት «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። ግሮም ግን ባለቤቱን አልናቀም፤ ጨርሶ አላየውም። ይህ ከንቀትም የባሰ ነው። የሚንቅ ሰው ቢያንስ አንድ ሰው ፊቱ እንዳለ ያውቃል። «ባዶ መሬት» የሚለው አነጋገር ግን ሰውየውን ከነጭራሹ ይሰርዘዋል። በዓለም ታሪክ ብዙ ሕዝብ የተነቀለው «ባዶ ነው» በተባለ ምድር ላይ ነው።

ሴናሪየስ ራሱ ሲነሳባቸው ግሮምና ሰዎቹ ተሸነፉ። ያኔ የጥንቱ ፈተና ተመለሰ። በደኑ ውስጥ ማንኖሮዝ የሚባለው ጋኔን ደሙን ያፈሰሰበት ምንጭ ተገኘ። ግሮም ጠጣ፤ ሰዎቹም ጠጡ። በደሙ ጉልበትም ሴናሪየስን ገደሉ። እንጨቱ ተገኘ፤ ሕዝቡ ግን ከካምፕ ሲወጣ ጥሎት የመጣውን ሰንሰለት መልሶ አጠለቀው። ይህች የታሪኩ በጣም መራራዋ ነጥብ ናት። የሰው ቤት ሲያፈርሱ የተያዙበት ሰንሰለት አባቶቻቸው የሰው ቤት ሲያፈርሱ የታሰሩበት ያው ሰንሰለት ነው።

*

ጌም ከመጽሐፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ያያል፤ የሚጫወት ሰው ግን ያደርጋል። አሸንቬል ላይ ዛፍ እንዲቆርጥ የሚያዘው ተጫዋቹ ራሱ ነው። እንጨቱ ሲከማች ደስ ይለዋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። ከዛፍ ጀርባ የሚወረወረው ቀስት ያበሳጨዋል። «ሥራችንን እንዳንሠራ የሚረብሹን እነማን ናቸው?» ይላል።

የኦርኮቹ ክፍል ሲያልቅ ግን ጌሙ ተጫዋቹን ወደ ማዶው ወገን ያሻግረዋል። በሚቀጥለው ክፍል እሱ የሌሊት ኤልፎች መሪ ሆኖ ይነቃል፤ ታይራንዴ የምትባለውን ካህን ይመራል። አሁን መጥረቢያ ይዘው ደኑ ውስጥ የሰፈሩትን እንግዶች የሚያየው ከቅጠሉ ጀርባ ሆኖ ነው። ትናንት የሠራውን ሰፈር ዛሬ ሊያፈርስ ይላካል። ትናንት «ረባሾች» ያላቸው ሰዎች ቤታቸውን ነበር የሚጠብቁት።

ፖለቲካ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኝ የለም። ማንም መሪ «አሁን ደግሞ በማዶው ወገን ሆነህ ተጫወት» አይባልም። ዜናም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዳርቻ ነው የሚነገረን። አንዱ ወገን «ወገኖቻችን መጠጊያ አገኙ» ሲል ሌላው «ቀዬአችን ተወሰደ» ይላል፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከሁለቱ አንዱ መዋሸቱ ላይሆን ይችላል። ችግሩ ማንም በማዶው ወንበር ተቀምጦ አለማወቁ ነው።

*

ትራል ጥፋቱን ሲያውቅ አልሸሸም። ትናንት ጠላቱ ከነበረችው ከጄይና ጋር ተባብሮ ግሮምን ከጋኔኑ ቁጥጥር አወጣው። ግሮምም በመጨረሻ ማንኖሮዝን ገጥሞ ገደለው፤ በዚያው ሞተ። በሞቱ የሕዝቡን የደም እስራት ፈታ።

ከዚያ ትልቁ ጥፋት መጣ። የጋኔኖቹ አለቃ ወደ ሃይጃል ተራራ ዘመተ። ኦርኮች፣ ሰዎችና የሌሊት ኤልፎች በአንድ ተራራ ላይ ተሰለፉ። በጌሙ የመጨረሻ ምዕራፍ ተጫዋቹ ጠላትን 45 ደቂቃ ማገድ አለበት። የመጀመሪያውን ምሽግ የሚይዙት ሰዎች ናቸው፣ ሁለተኛውን ኦርኮች፣ የመጨረሻውን ደግሞ የደኑ ባለቤቶች። ኦርኮቹ የሚሞቱት ትናንት ሊመነጥሩት ለነበረው ምድር ነው። ዕዳ የሚከፈለው እንዲህ ነው፤ በይቅርታ ደብዳቤ አይደለም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ትራል ለሕዝቡ የመረጠው መሬት የሚገርም ነው። ለምለሙን አልመረጠም። ቀይ አፈር፣ ደረቅ ድንጋይ፣ እሾህና ጊንጥ የሞላበትን ምሥራቃዊ ዳርቻ ያዘ። በአባቱ በዱሮታን ስም ዱሮታር አለው። ከተማውንም በኦርግሪም ስም ኦርግሪማር ብሎ ቆረቆረ። በኋላ የወጡ የታሪኩ ክፍሎች እንደሚሉት ይህን ምድር የመረጠው ሕዝቡ በሌሎች ላይ ላደረሰው መከራ እንደ ንስሐ ቆጥሮት ነው። ከጄይናም ጋር ጎረቤት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ተከታይ ክፍል የጄይና አባት ጦር ይዞ ኦርኮችን ሊያጠፋ መጣ። ትራል አባትዋን አሸነፈ፤ ከተማዋን ቴራሞርን ግን ሳይወርስ ሠራዊቱን ይዞ ወጣ። ድል አድርጎ የሰው ከተማ ለባለቤቱ ትቶ መውጣት በእውነተኛው ዓለምም ብዙ ጊዜ አይታይም።

*

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ግን አላለቀም።

ደረቅ መሬት ንስሐ ይሆናል እንጂ ቤት አይሠራም። ዱሮታር ዛፍ የለም። ከተማ ሲያድግ እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨት ያለው አሸንቬል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ዋርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ውስጥ የግሮም ጎሳ አሁንም በዚያው ደን ውስጥ ግንድ ሲቆርጥ፣ የሌሊት ኤልፎችም ሲከላከሉ እናገኛቸዋለን። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በዚያ ደን ጫፍ ባለው የዋርሶንግ ሜዳ ለዓመታት ባንዲራ ሲነጣጠቁ ኖረዋል። መሪው ሰላም ፈልጓል፤ የመሪው ከተማ ግን በየቀኑ እንጨት ይበላል። ጥሩ ልብ ያለው መሪ የሕዝቡን ፍላጎት ከጎረቤት ጋር በስምምነት ካላሰረው ልቡ ብቻውን የትም አያደርስም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይብሳል። ትራል የግሮምን ልጅ ጋሮሽን ሲያገኘው ልጁ በአባቱ ጥፋት አፍሮ አንገቱን የደፋ ነበር። ሊያጽናናው ብሎ አባቱ ማንኖሮዝን ሲገድል በራእይ አሳየው። ያሳየው እውነት ነው። ግን የመጨረሻዋን ቀን እውነት ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ የያዘው አባቱ ጀግና እንደነበረ ነው፤ ደኑ የማን እንደነበረ የሚለው ጥያቄ አብሮት አላደገም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ትራል የጦር አለቃነቱን ለጋሮሽ አስረከበ። ጋሮሽ አሸንቬል ላይ ዘመተ። ይህን መንገድ የተቃወሙት ኬርን ብላድሁፍ ናቸው፤ ትራል ከባሕር ወጥቶ ሲቆም መጀመሪያ የተቀበሉት እኒያ አዛውንት። ከጋሮሽ ጋር ተፋልመው ሞቱ፤ የጋሮሽ መጥረቢያ እሱ ሳያውቅ በሌላ እጅ ተመርዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ትራል ሳይወርሳት የወጣው ቴራሞር በጋሮሽ ትእዛዝ ወደመች። በመጨረሻም በ2013 ሆርድ በራሱ ላይ ተነሳ። የኦርግሪማርን በር የሰበሩት ከውጭ የመጡት ብቻ አልነበሩም፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ቮልጂን ነበር፣ አደራ የሰጡት የሴንጂን ልጅ።

እንግዲህ ከባሪያነት እስከ አለቃነት የሄደውን ይህን ሰው ምን እንበለው? ጥሩ መሪ ነበር። ሕዝቡን ከካምፕ አውጥቷል፣ አደራ ጠብቋል፣ የሰው ከተማ ሳይወርስ ተመልሷል። ሁለት ጊዜ ግን ተሳስቷል። አንዴ መጥረቢያ ሲያሲዝ የደኑን ባለቤት አልጠየቀም። ሁለተኛ ጊዜ ታሪኩን ለተተኪው ሲያወርስ ግማሹን ብቻ አወረሰ። ሁለቱም ስሕተቶች በክፋት አልተሠሩም፤ አንዱ በችኮላ፣ ሌላው በርኅራኄ ነው የተሠሩት።

ከመከራ የወጣ ሕዝብ ልጆቹን «ከየት ወጣን?» የሚለውን ያስተምራል። በዓሉም ዘፈኑም ሐውልቱም ለመውጣቱ ነው። «የደረስንበት ምድር ላይ ማን ነበር? ምን አደረግነው?» የሚለው ግን በትምህርት ቤት አይጠየቅም። ዘፀአትን ወደ ወረራ የሚለውጠውም ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ጌሙን የጨረሰ ሰው ወደ መጀመሪያው ገጽ ሲመለስ ሁለቱን ርዕሶች በአንድ ዝርዝር ላይ ያያቸዋል። ሊሰርዝ የሚችለው አንዱንም አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው።